ቀርጸናቸው ለተመለስነው ሰዎች ምን ዕዳ አለብን?

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀጥሬ፣ በየአካባቢው እየተዘዋወርኩ የተራ ሰዎችን ኑሮ የሚያሳይ ሳምንታዊ ፕሮግራም እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት በአንዲት የገጠር ወረዳ ሸክላ እየሠሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት አገኘሁ። ጎረቤቶቻቸው «ቡዳ» እያሉ እንደሚሰድቧቸውና ከማኅበራዊ ኑሮው እንደሚያገሏቸው እያለቀሱ ነገሩኝ። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ብዙ ተመልካች ወደደው፤ አለቆቼም አመሰገኑኝ። በቅርቡ ለሌላ ሥራ በዚያው ሳልፍ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ከተማ የምትማረው ልጃቸው የእናቷን ሙያ ለክፍል ጓደኞቿ ነግራ አታውቅም ነበር፤ ከፕሮግራሙ የተቆረጠ ቪዲዮ በስልክ ሲዞር ጓደኞቿ አይተውት ኖሮ፣ በደረሰባት ፌዝ ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣ እንደነበር እናቷ ቡና እያፈሉ ነገሩኝ። አልተቆጡኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማይክሮፎን ስይዝ እጄ ይከብደኛል። ሌሎች ሰዎችም «ከቀረጻችሁን በኋላ ምን ይመጣልናል?» ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም። ባልደረቦቼ ደግሞ የባለሥልጣናትን ዜና ብሠራ እንደሚሻለኝ ይመክሩኛል። ሥራውን ትቼ ስቱዲዮ ልግባ? ለእኒያ እናትስ ምን ላድርግ?

ት. ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ት.፤

መጨረሻ ላይ ካነሡት ጥያቄ ልጀምር። ሥራውን ስለ መተው ለማሰብ ጊዜ አለዎት፤ ያ ቪዲዮ ግን ይህን መልስ በሚያነቡበት ሰዓትም በሰው ስልክ ላይ እየታየ ሊሆን ይችላል።

ካሜራ ሳይዙ፣ የጣቢያው ምልክት ያለበትን መኪናም ትተው፣ ወደ እኒያ እናት ቤት ተመልሰው ይሂዱ። ምን እንደሚያደርጉላቸው አስቀድመው አይወስኑ፤ ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ይጠይቋቸው። ምናልባት ፕሮግራሙ ጨርሶ እንዲነሣ ይፈልጉ ይሆናል። ምናልባትም ሙያቸውን የሚያሳየው ክፍል እንዲቆይ፣ ስድቡን የተናገሩበትና ያለቀሱበት ብቻ እንዲወጣ ይጠይቁ ይሆናል። የደረሰብኝ በደል ይታወቅልኝ ብለው እንዳለ እንዲቀመጥ የሚፈልጉ ከሆነም መብታቸው ነው፤ እርስዎ በጸጸት ተነሣሥተው ድምፃቸውን ቢያጠፉባቸው ሌላ በደል ይጨምሩባቸዋል። ልጃቸውንም፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ ለብቻዋ ያነጋግሯት። በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የተጎዳችው እሷ ናት፤ ሆኖም ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም። የእናትና የልጅ ፍላጎት ሳይጣጣም ቢቀር እኔ ለልጅቷ አደላለሁ፤ እናቷ ስለ ራሳቸው ሕይወት ወደው ተናግረዋል፣ በልጅቷ ላይ ግን እሷ ሳትናገር ተነግሮባታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የቢሮ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ የተላለፈበትን ቀን፣ በጣቢያው የዩቲዩብና የፌስቡክ ገጽ ላይ የሚገኝበትን ቦታ፣ እንዲነሣ የተፈለገውንም ክፍል በደቂቃና በሰከንድ ጠቅሰው ለዋና አዘጋጅዎ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በቃል ከነገሩማ ጉዳዩ በሚቀጥለው የዝግጅት ስብሰባ መሐል ተረስቶ ይቀራል። ሌሎች ሰዎች ቆርጠው በራሳቸው ገጽ የጫኑትን ቅጂ በተመለከተ፣ የምስሉ ባለቤት ጣቢያው ስለሆነ፣ በቅጂ መብት ባለቤትነቱ እንዲነሣለት ለዩቲዩብና ለቲክቶክ ማመልከት የሚችለው ጣቢያው ነው። በመልእክት ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈውን ግን ማንም ሊሰበስበው አይችልም፤ ይህንንም ለእናትና ለልጅ ሳይሸፍኑ ይንገሯቸው፤ ሊፈጸም የማይችል ተስፋ ሰጥቶ መመለስ ከቪዲዮው ባልተናነሰ ይጎዳቸዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ የይቅርታ ፕሮግራም አይሥሩ። ነገሩን የሰማ አንድ የሥራ ባልደረባ ተመልሰው ሄደው ከእናትና ልጅ ጋር ሲታረቁ ቢቀረጽ ልብ የሚነካ ዝግጅት እንደሚሆን ሊነግርዎ ይችላል፤ እርግጥ ነው፣ ተመልካች ያለቅስለታል። ነገር ግን ያቺ ልጅ እስካሁን ያላዩዋት ሰዎች ጭምር እንዲያዩዋት ይደረጋል፤ የተረሳውም ቪዲዮ እንደ ገና ይፈለጋል። ይቅርታው ለእነሱ ከሆነ እቤታቸው ተቀምጦ መጠየቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ጭንቀትዎ ልምጣ። የአገራችን ሕዝብ ፊት ከቀራጩ ሐሳብ ውጭ ሲዞር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘጋቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ተመልካቹ ለተራቡት እጁን ዘረጋ። ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ያው ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ተጨምረውበት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡን ደብቆ የቆየ መንግሥት መጋለጡ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በመጠለያ ውስጥ ተኮራምተው የተቀረጹት የወሎ እናቶችና አባቶች መጀመሪያ ለእርዳታ፣ ቀጥሎ ለሥልጣን ሽግግር ምስክር ሆነው ሲቆሙ፣ ፊታቸው የት የት እንደሚሄድ የነገራቸው ሰው እንደነበረ አላምንም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን የቀረጸውና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ የዘገበው የኮረም ድርቅና ረሃብ ዜና በቢቢሲ ተላለፈ። ያ ዘገባ ዓለምን ቀስቅሶ የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉን መካድ አይቻልም። በዚያው ልክ ደግሞ ስም የሌላቸው ፊቶች ለዓመታት የኢትዮጵያ መታወቂያ ሆነው ቀሩ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ያደጉ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከአገራቸው ስም ጋር የተሰነዘረባቸውን ፌዝ ዛሬም ያስታውሱታል። በዚያው ድርቅ ወቅት የካናዳ ቴሌቪዥን ባልደረቦች በሞት አፋፍ ላይ ሆና የቀረጿት አንዲት የትግራይ ሕፃን ምስል በሐምሌ ወር 1977 ዓ.ም. ለተራቡት ገንዘብ በተሰበሰበበት የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ታየ። ሕፃኗ ግን ተረፈች፤ ከሃያ ዓመት በኋላም፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ለንደን በተካሄደው የላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ወጣት ሆና ቆመች። የካናዳው ጋዜጠኛ ብራያን ስቴዋርት ተመልሶ ፈልጎ አግኝቷት፣ ከእሷና ከቤተሰቧ ጋር ያለውን ግንኙነት ሳያቋርጥ ቆይቷል። ከዚያ ዘመን የጋዜጠኝነት ሥራዎች ሁሉ እኔ ለዚህ መመለስ ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። እርስዎም መንገድዎን አጥፈው ወደዚያ ቤት ጎራ ባይሉ ኖሮ የደረሰውን ጉዳት አያውቁም ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ የእኛ ሙያ በባሕርይው ወጊውን የሚያስረሳ ነው፤ ዛሬ አንዱ ወረዳ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ስክሪፕትና ሌላ ኤዲቲንግ ይጠብቃል።

ስለ ፈቃድ ሕጉ የሚለውን በአጭሩ ልግለጽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ሕግ ሲወጣ በአገራችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር የሰውየውን ታዋቂነት፣ የያዘውን የመንግሥት ሥራ፣ በአደባባይ የተፈጸመ ነገርንና የመሳሰሉትን ያነሣል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ያረጋግጣል። በጓሯቸው ሸክላ የሚጠፈጥፉ እናት ታዋቂም ባለሥልጣንም ስላልሆኑ ፈቃዳቸው ግዴታ ነው፤ እርስዎም እንዳገኙት አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ ያ ፈቃድ የተገኘበት ሁኔታ ነው።

እንዴት እንደምንሄድ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የትብብር ደብዳቤ ይጻፋል፤ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት «ጥሩ ተናጋሪ» የሆነ ሰው አስቀድሞ ይመርጣል፤ ከዚያም ባለ ሙያው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ሾፌሩና ካሜራ የተሸከመው ባልደረባችን አንድ ላይ ደጃፍ ላይ እንደርሳለን። በዚያ ሰዓት «ብንቀርጽዎ ፈቃደኛ ነዎት?» ተብለው የተጠየቁ እናት እምቢ ሊሉ የሚችሉበት መንገድ ምን እንደሆነ እስቲ ያስቡት። እንግዳን መመለስ ነውር ነው፤ ሊቀ መንበሩን ማሳፈር ደግሞ ነገ ለማዳበሪያም ሆነ ለመታወቂያ ፊቱ ሲቀርቡ መዘዝ ያስከትላል። ስለዚህ የሚሰጠው እሺታ ከትሕትናና ከስጋት የተቀላቀለ ነው።

እኔ በቴሌቪዥን ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሲሠራ ያየሁት ዘዴ ይህ ነው። የወረዳው ሰው የራሱ ቃለ መጠይቅ እንዲኖረው ያድርጉ፤ ቀድሞም ይቀረጽ። የሚገባውን ክብር ያገኘ ሰው ሥራው እንዳለቀ ስለሚሰማው በሌላው ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ቆሞ የመስማት ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ካልቀነሰም በትሕትና ራቅ እንዲልልዎት ለመጠየቅ ይቀልዎታል። ንግግሩ በአስተርጓሚ የሚካሄድ ከሆነም አስተርጓሚው የቀበሌ ሹም አይሁን። ከዚያ ካሜራው መኪና ውስጥ እንዳለ ገብተው ይቀመጡ፤ ቡናው ይፈላ፤ እርስዎም ለቤቱ ቡናና ስኳር ይዘው ቢሄዱ የወግ እንጂ የቃለ መጠይቅ ክፍያ አይደለም። በዚህ ጊዜ መሐል «ይህን ምስል ማን ቢያየው ቅር ይልዎታል?» የሚል አንድ ጥያቄ ያቅርቡ። «ትፈቅዳላችሁ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቃል ብቻ ይመልሳል፤ ይህኛው ግን ባለ ታሪኩን ወደ ዘመዶቹ፣ ወደ ጎረቤቶቹና ራቅ ብለው ወደሚኖሩት ልጆቹ ያስኬደዋል። ሸክላ ሠሪዋ እናት ይህን ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ከተማ የምትማር ልጅ እንዳለቻቸው ያነሡ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ቴሌቪዥን እቤታቸው ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህም የተቀረጸው ነገር በዩቲዩብ ገብቶ ለዓመታት እንደሚቆይ፣ ማንም ሰው ቆርጦ እንደሚወስደው፣ የራስዎን ስልክ አውጥተው ሌላ ፕሮግራም በማሳየት ያስረዷቸው። ይህን የሚያውቁት በዚያ ቤት ውስጥ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የማስረዳቱም ግዴታ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው።

ስለ እንባም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ሰው ሲያለቅስ ምስሉን ወደ ዓይኑ ማቅረብ በካሜራ ባለሙያዎቻችን ዘንድ ልማድ ሆኗል፤ ባለሙያውን ብቻውን አልወቅስም፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚጠብቀው ኤዲተርም ያንን ምስል ስለሚፈልግ ነው። ከጉዞ በፊት ከካሜራ ባለሙያው ጋር ተነጋግረው ቀረጻ የሚቆምበትን ምልክት ይስማሙ። በስሜት የተነገረ ከባድ ነገር ካለ፣ ባለ ታሪኩ ከተረጋጉ በኋላ የተናገሩትን በካሜራው መስኮት መልሰው አሳይተዋቸው፣ እንዲተላለፍ ይፈልጉ እንደሆነ እንደ ገና ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚወስድ፣ አበሉም ለተወሰነ ቀን ብቻ እንደሚታሰብ፣ ሾፌሩም ሳይመሽ ለመመለስ እንደሚቸኩል አውቃለሁ። በአንድ ጉዞ ሦስት ባለ ታሪክ የመሰብሰቡን ነገር ትተው ሁለት ቢያደርጉት ግን ጊዜው ይገኛል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ያስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ። ስለ ስድቡና ስለ መገለሉ ነግረውኛል፤ ስለ ሸክላው ግን ከ«ሸክላ እየሠሩ» በቀር ምንም አልጻፉም። ፕሮግራሙን አላየሁትምና በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ነገር ግን በዚህ ዓይነት ዝግጅቶቻችን ውስጥ የማየው ጉድለት ይኸው ነው። በገጠሩ ያሉ ሸክላ ሠሪዎቻችን እንስራውን፣ ጋኑንና ጀበናውን ያለ መንኮራኩር በእጅ እየጠፈጠፉ ያቆማሉ። የትኛው አፈር እንደሚሆንና እንደማይሆን፣ ውኃው ምን ያህል እንደሚበቃው፣ ቅርጹ የወጣው ሸክላ እንዳይሰነጠቅ በጥላ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ እሳቱ መቼ እንደሚበረታ ያውቃሉ። ጀበናው ሲተኮስ ቢሰነጠቅ የስንት ቀን ድካም እንደሚጠፋ፣ ገበያ ላይ ከነጋዴው ጋር እንዴት እንደሚከራከሩ፣ እንስራውን የፕላስቲክ ጀሪካን ከተካው ወዲህ ምን እንደ ቀራቸው ቢጠየቁ ሰዓታት የሚፈጅ እውቀት ያወጣሉ። ሰው ስለ ሙያው ሲጠየቅ ድምፁ ይለወጣል፤ የሚያስተምረው እሱ፣ የምንማረው እኛ እንሆናለን። ሙያቸውን ሳንጠይቅ ቁስላቸውን ብቻ የጠየቅናቸው ሰዎች ግን በተመልካች ዓይን ቁስላቸውን ብቻ ይመስላሉ። ልጅቷም በክፍል ጓደኞቿ ፊት ያፈረችው እያለቀሱ በታዩት እናቷ ነው፤ ያን ሁሉ እውቀት በኩራት የሚያስረዱ እናቷን ቢያዩ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር። ስድቡን መደበቅ አለብን ማለቴ አይደለም። በጠይብነት፣ በሸማኔነትና በፋቂነት ሰውን የማግለል ልማድ የብዙ ሺሕ ቤተሰብ ሸክም ስለሆነ ሊነገር ይገባዋል፤ ነገር ግን ስለ ስድቡ መጠየቅ ያለበት ሰዳቢው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ማይክሮፎኑን ወደ ጎረቤቶቹ፣ ወደ እድሩ ዳኛና ወደ አጥቢያው የሃይማኖት አባት ይውሰዱት፤ ለምን እንደሚያገልሉ እነሱ በካሜራ ፊት ይመልሱ።

ለሌሎቹም ባለ ታሪኮች ይኸው መንገድ ይሠራል። አስቀድሞ የተመረጠ ሞዴል አርሶ አደር «ከዚህ በፊት እንዲህ ነበርን፣ አሁን ግን ተለውጠናል» የሚለውን በስብሰባ የሰማውን ንግግር ሲጀምርልዎ አያቋርጡት፤ ይጨርስ። ከዚያ ትናንት ጠዋት ምን ሲሠራ እንደዋለ ይጠይቁት። ስለ ትናንት ጠዋት የተዘጋጀ ንግግር ስለሌለ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰሙት የራሱ ቃል ይሆናል።

«ምን ይመጣልናል?» ለሚሉዎት ሰዎች መልሱ እውነቱ ነው። መንገድም ውኃም እንደማያመጡ፣ ፕሮግራሙ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚተላለፍ፣ ስለ ችግራቸውም የትኛውን መሥሪያ ቤት እንደሚጠይቁላቸው በግልጽ ይንገሯቸው። «ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን እባክዎ ከአንደበትዎ ያውጡት። ሕዝቡ ከእኛ የሰማው ስንት ጊዜ እንደሆነ ያውቃል፤ የሚመለከተው አካልም ስም የሌለው ስለሆነ ማንም አይጠየቅበትም። በምትኩ የዞኑን የውኃ ጽሕፈት ቤት ደውለው ይጠይቁና መልሱን፣ መልስ እምቢ ካሉም እምቢታቸውን፣ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያስገቡት። ለቃለ መጠይቅ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ዛሬ የከፈሉት ሰው ነገ ለሚመጣው ጋዜጠኛ የሚከፈልበትን ታሪክ ማዘጋጀት ይጀምራል። ቀረጻው ካለቀ በኋላ አንድ ጀበና በገበያ ዋጋው መግዛት ግን ምንም ነውር የለበትም።

የባልደረቦችዎን ምክር በተመለከተ ብዙ አልልም። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቻርልስ ኩራልት የቬትናምን ጦርነት ከዘገበ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1967 ታላላቅ አውራ ጎዳናዎችን እየሸሸ በመኝታ መኪና ትናንሽ ከተሞችን መዞር ጀመረ፤ ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን የሠራቸው ስለ ተራ ሰዎች የሚያወሱ አጫጭር ዘገባዎች ከጦርነትና ከምርጫ ዜና ጎን በምሽቱ ዜና ላይ ይቀርቡ ነበር። አገሪቱ በጦርነቱ ምክንያት ለሁለት በተከፈለችበት ዘመን ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲተያዩ ያደረገ ሥራ ነበር። የእኛም አገር ዛሬ አንዱ አካባቢ ስለ ሌላው የሚሰማው በአብዛኛው የግጭት ወሬ ነው፤ ሰው በሌላው ጫፍ ያለ ወገኑ እንጀራውን እንዴት እንደሚያገኝ፣ ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ የሚያይበት መስኮት ጠባብ ነው። እርስዎ ያንን መስኮት የያዙ ሰው ነዎት። የእጅዎ መክበድ ሥራውን ለመተው ምክንያት ሆኖ አይታየኝም፤ ማይክሮፎኑ የማይከብዳቸው ጋዜጠኞች ወደዚያች ወረዳ በእርስዎ ቦታ ቢሄዱ ለእኒያ እናት የሚሻል አይመስለኝም። ስቱዲዮ ይግቡ አይግቡ የሚለውን ከዚህ ጉዳይ በኋላ፣ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ፕሮግራሞችን በተለየ መንገድ ሠርተው ካዩ በኋላ ይወስኑት።

ለጊዜው ግን ጣቢያዎቻችን በበዓል ሰሞን የቆዩ ፕሮግራሞችን ከማኅደር እያወጡ ስለሚደግሙ፣ ማመልከቻዎ ላይ ይህ ዝግጅት የባለ ታሪኳና የልጃቸው ሐሳብ እስኪታወቅ ድረስ በድጋሚ እንዳይተላለፍ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩበት፤ ቅጂውንም የፕሮግራም መርሐ ግብር ለሚያወጣው ክፍል ሰጥተው በፊርማ ያስቀብሉ። ወደ እናትየው ቤት ከመሄድዎ በፊት ይህ ቢፈጸም መልካም ነው፤ ሄደው በሚያነጋግሯቸው ሳምንት ምስሉ ተመልሶ አየር ላይ ቢውል የሚናገሩት ቃል ሁሉ ዋጋ ያጣል።